መርዶ ነጋሪው ማስታወቂያ

የሬሳ መኪና ማስታወቂያ ሲመጣላችሁ መጀመሪያ የሚሰማችሁ ንዴት ነው። ድንጋጤው ቆይቶ ነው የሚደርሰው። ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላኝ፣ ጉንፋን እንኳ በወጉ ይዞኝ የማያውቅ ሰው ነኝ። ዓርብ ጠዋት ቢሮ ቁጭ ብዬ ጫማ ለማየት ስልኬን ስከፍት፣ ጣሪያው ላይ ነጭ አበባ የተደረደረበት የሚያብረቀርቅ ጥቁር መኪና ብቅ አለና «የመጨረሻውን ጉዞ በክብር» አለኝ። «አንተ ቅደም» ብዬ ዘጋሁት።

ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ሰብለ እባላለሁ። ናይሮቢ ውስጥ፣ ዌስትላንድስ ባለ አንድ የኢንተርኔት ማስታወቂያ ድርጅት ነው የምሠራው። እናቴ ሥራዬን አስረድቻት ስጨርስ «እና ሰላይ ነሽ ማለት ነው?» ብላኝ ተቀይሜያት ነበር። እኔ ራሴን የምቆጥረው ሰው የሚፈልገውን ነገር ከራሱ ቀድማ እንደምታውቅ ብልህ ሴት ነው። አንዲት እናት የሕፃን አልጋ አንዴ ካየች፣ ዳይፐሩንም ጡጦውንም ጋሪውንም ይዘን በሄደችበት እንከተላታለን። ይህንን በየድግሱ ሳወራ የሰው አፍ የማስከፍት ይመስለኝ ነበር። እውነትም ይከፍቱ ነበር፤ ለማዛጋት።

የምኖረው ካሳራኒ ነው፣ ከራሔል ጋር። ራሔል የአንድ እርዳታ ድርጅት አስተርጓሚ ነች። ቀኑን ሙሉ የሰው ወሬ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ስታገላብጥ ውላ ማታ ዝም ማለት ትወዳለች፤ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተር ጋር ተፋጥጬ ውዬ ማታ አፌ አይዘጋም። በዚህ ተስማምተን እንኖራለን። አባቷ ኮምቦልቻ ነበሩ፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር። በየቀኑ የድምፅ መልእክት ይልኩላታል። ሲናገሩ ከመጮኻቸው የተነሳ ያለ ስልክም ናይሮቢ ድረስ የሚሰሙ ይመስለኝ ነበር። «ራሔሌ! ሰው ሁኚ! እራትሽን ብዪ!» ብለው ነው የሚጨርሱት፤ እኔም አብሬ እታዘዝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ማታ እትዬ ሙሉና ጋሽ ታደሰ ቤታችን ሲመጡ ነው። እትዬ ሙሉ ፓርክላንድስ ውስጥ ምግብ ቤት አላቸው፤ ካሳራኒን ገጠር ነው የሚሏት፤ እስከዚያ ማታ አንድም ቀን ረግጠዋት አያውቁም ነበር። ጋሽ ታደሰ የመኪና ዕቃ ነጋዴና የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ሁለቱ ተያይዘው በራችን ላይ ሲቆሙ ቤቱ ውስጥ የተዝረከረከውን ጫማ በእግሬ ከአልጋ ሥር መግፋት ጀመርኩ።

«ደህና ናችሁ ልጆቼ? የዋይፋዩን ቁጥር ስጡን እስቲ» አሉ እትዬ ሙሉ ገና ሳይቀመጡ።

«ኧረ እትዬ ሙሉ፣ መጀመሪያ ውኃ ቅመሱ እንጂ» አለች ራሔል።

«ውኃው ይደርሳል። ዳታዬ አልቆ ነው።»

ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዕድሩ ለአባላት መታወቂያ ሊያሠራ ነው። የሁለታችሁንም ፓስፖርት አምጡልኝ፣ ፎቶ ላንሳው።»

ሰጠናቸው። ራሔል ሻይ ልታፈላ ስትገባ ሁለቱ ሶፋው ላይ ተጠጋግተው ስልካቸው ላይ አቀረቀሩ። ይንሾካሾካሉ፣ አንዱ የሌላውን ስልክ እያየ ራሱን ይነቀንቃል። በዚህ ዕድሜያቸው ፍቅር ጀመሩ እንዴ ብዬ ጠረጠርኩ። ቤታችንን ለድብቅ ቀጠሮ መምረጣቸው ደግሞ አኮራኝ። ሲወጡ እትዬ ሙሉ ራሔልን አቅፈው ቶሎ አልለቀቋትም። «ከስተሻል» አሏት። ራሔል በዚያ ወር ሱሪዋ አልዘጋ ብሏት እያማረረች ነበር።

ዓርብ ጠዋት እንግዲህ ስልኬ እንደዚያ ሆነ። መጀመሪያ የአዲስ አበባ ትኬት፤ «ነገ ይብረሩ፣ መቀመጫ ሳይሞላ።» ቀጥሎ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻርፕ። ቀጥሎ የድንኳንና የፕላስቲክ ወንበር ኪራይ። ከዚያ ያ የሬሳ መኪና። በመጨረሻም ፈገግ ያለች አማካሪ ፎቶ፤ «ሐዘንዎን ብቻዎን አይሸከሙ።»

አጠገቤ የሚቀመጠው ኦቲየኖ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አየ። «ሰብለ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?»

«ማንም።»

«ማሽኑ እንደዚያ አይልም እኮ» አለና ወንበሩን አስጠጋ። «ድንገተኛ ትኬት፣ ጥቁር ልብስ፣ ድንኳንና ወንበር። ይህን ሁሉ የፈለገ ደንበኛ ብታገኚ ምን ትሸጪለት ነበር?»

የምሸጥለትን አውቅ ነበር።

የእኛን ነገር ታውቁታላችሁ። የሞተበት ሰው የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው። ጎረቤት ያውቃል፣ ዕድር ያውቃል፣ የሥራ ባልደረባ ያውቃል፤ ድንኳኑ ሳይቀር ተዘጋጅቶ ያልቅና አንድ ቀን በጠዋት በርህ ይንኳኳል። እስከዚያ ድረስ ሁሉም እየሳቀልህ ያበላሃል። የአገሬ ሰው ይህን ምስጢር ሲጠብቅ ወታደር አይስተካከለውም። ታዲያ ትናንት ማታ የማይመጡ ሰዎች መጥተዋል፤ ፓስፖርቴን ፎቶ አንስተዋል። መታወቂያ? ዕድራችን ማኅተሙ ከጠፋ በኋላ ሌላ እንኳ አላስቀረጸም። ወደ አገር ቤት ሊልኩኝ ነው! ማን? እናቴ? አባቴ? ወንድሜ?

ደረጃው ላይ ወጥቼ እናቴ ጋ ደወልኩ። አነሳች። እሷ አለች።

«ምነው በሥራ ሰዓት? ተባረርሽ?»

«አባዬን አቅርቢልኝ።»

«የለም አሁን።»

«የት ሄደ?»

«ምን አስጨነቀሽ፣ ትንሽ ሆዱን አሞት…»

ትንሽ አሞታል ማለት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ማን ይነግራችኋል። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። «እማዬ፣ አትደብቂኝ። ድምፁን አሰሚኝ።»

«ኧረ ሽንት ቤት ነው ያለው!»

«በሩ ላይ ሂጂና ስልኩን አስጠጊልኝ!»

እናቴ እየተራገመች ስትሄድ ይሰማኛል። በሩን ደበደበች። «አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ ተናገር ትልሃለች!»

«ምን ልበል?» አለ አባቴ ከውስጥ።

«ምንም በል፣ መኖርህን ትፈልጋለች!»

«አለሁ! እዚህም አልተውሽኝም እንዴ?» አለ። ወዲያው ሌላ ድምፅ ተከተለ፤ እሱን አልጽፈውም፤ ነገር ግን በሕይወት መኖሩን ያለ ጥርጥር አረጋገጠልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የጣመኝ ድምፅ የለም። ወንድሜ ጋ ደወልኩ፤ እሱ ደግሞ ገና ሃሎ ሳልለው «አይፎኑን ገዛሽልኝ?» አለኝ፤ እሱም አለ። አክስቴም አጎቴም አሉ። ኦቲየኖን ደረጃው ላይ ሳገኘው አቅፌ ሳምኩት፤ «ማሽኑ ተሳስቷል!» አልኩት። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ።

ከሥራ ወጥቼ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ቤት ስሄድ መንገዱ ተዘጋግቷል፣ ሙዚቃው ጆሮ ይሰነጥቃል፤ እኔ ግን ሁሉም ነገር ደስ ይለኛል። ረዳቱን እንኳ አመሰገንኩት። የእኔ ሰዎች በሙሉ አሉ። የሳቅኩት ግን እስከ ቲካ መንገድ ድረስ ነው። እዚያ ስንደርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ፎቶ የተነሳው ፓስፖርት ሁለት ነበር።

ኢንተርኔቱ አንድ ዋይፋይ የሚጠቀሙ ስልኮችን እንደ አንድ ቤተሰብ ነው የሚቆጥራቸው። ይህን ለደንበኞች የማስረዳ እኔ ራሴ ነኝ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሶፋችን ላይ ተቀምጠው የፈለጉትን ሁሉ ማሽኑ የቤቱ ሰው ፍላጎት አድርጎ መዝግቦታል። ያ የእኔ ሐዘን ካልሆነ፣ ቤቱ ውስጥ ያለን ሁለት ብቻ ነን። እና እኔ ቀኑን ሙሉ የእኔ አይደለም ብዬ ስደሰት ነበር የዋልኩት። ከማታቱው ሳልደርስ ወረድኩና እትዬ ሙሉ ጋ ደወልኩ።

«እትዬ ሙሉ፣ የራሔል ማን ነው?»

«ማን ነገረሽ?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ስልኬ።»

«ማን ደውሎልሽ?»

«ማንም አልደወለም። ማስታወቂያ ነው የነገረኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ጠጥተሻል?»

«ትኬቱን የቆረጣችሁት በእኛ ቤት ዋይፋይ! ጥቁር ልብስ ያያችሁት በእኛ ዋይፋይ! ድንኳኑንም!»

«ታዲያ ምን አለበት? ዋይፋይ ጆሮ አለው?»

«አለው፣ እትዬ ሙሉ! እኔ በእሱ ጆሮ ነው እንጀራ የምበላው!»

አባቷ መሆናቸውን ነገሩኝ። ድንገት ነው፤ ልባቸው ነው አሉ፤ ሐሙስ ተቀብረዋል። ራሔል እሑድ እንድትሄድ ትኬት ተቆርጧል፤ ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎች መጥተው ይነግሯታል።

«ለእኔ ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኳቸው እያለቀስኩ።

«ያንቺ ፊት ራሱ ማስታወቂያ ነው። በይ አሁን ስሚኝ፤ እስከ ጠዋት ጠብቂያት። ልጅቷ በሰው አፍ ትስማ። ከሚይዟት ሰዎች ጋር ሆና ትስማ። በስልክ ብቻዋን እንዳትሰማ፣ አደራ!»

የእኔን ስልክ ያጥለቀለቀ ነገር የራሔልንም ማጥለቅለቁ አይቀርም። የቀረውን መንገድ በሩጫ ጨርሼ ደረጃውን ወጣሁ። ቤት ስገባ መጀመሪያ የዋይፋዩን ገመድ ነቀልኩ፤ ስልኳ የራሱ ዳታ እንዳለው ረስቼ። ራሔል ማዕድ ቤት ቆማ ሽንኩርት እየላጠች፣ ስልኳን የታጠበ ድስት ላይ አስደግፋ እያየች ነበር።

«ነይ እስቲ» አለችኝ። «ዛሬ ስልኬ ጥቁር ቀሚስ በጥቁር ቀሚስ ሆኗል። ይሄኛው አያምርም? ወገቡን እዪው።»

አየሁት። ያምራል። «ያምራል» አልኳት፤ ድምፄ ተሰበረ።

«ጉንፋን ያዘሽ?»

«አዎ።»

በአውራ ጣቷ ወደ ላይ ትገፋለች። ጫማ። ምጣድ። የጥፍር ቀለም። እኔ ከኋላዋ ቆሜ እንደ እብድ እጸልያለሁ። ከዚያ ከታች በኩል የነጭ አበባ ጫፍ ብቅ አለ፤ ከአበባው ሥር ደግሞ በትልቁ «ፖሌ ሳና» የሚል የስዋሂሊ ጽሑፍ። እግዜር ያጽናሽ ማለት ነው። ከሥሩ «ለቤተሰብዎ ልዩ ቅናሽ» ይላል። ከእነ ቅናሹ! ሌላ ሰው ቢሆን አያስተውለውም ይሆናል፤ ራሔል ግን አስተርጓሚ ነች፣ በቃል ነው የምትኖረው፤ አባቷ ደግሞ ሁለት ቀን ዝም ብለዋታል።

ስልኩን ከእጇ ነጠቅኩና ልብስ የተዘፈዘፈበት ባልዲ ውስጥ ጨመርኩት። ይበልጥ ብልህ የሆነ ዘዴ ይኖር ነበር። በዚያ ሰዓት አልመጣልኝም።

ራሔል አፏን ከፍታ ባልዲውን አየች፤ ከዚያ እኔን። «አበድሽ?»

«አመለጠኝ።»

«ከእጄ መንጭቀሽ ነው የሚያመልጥሽ? ሰብለ፣ በአረፋው መሃል ገፋሽው እኮ! አየሁሽ!»

«ንብ ነበረችበት።»

«ንብ? አራተኛ ፎቅ ላይ?»

እጇን ባልዲው ውስጥ ከትታ ስልኩን አወጣች። ሞቷል። ከንዴቷ የተነሳ እንባዋ መጣ። እጇን በፎጣ እየጠረገች ዘረጋችልኝ። «በይ ያንቺን ስጪኝ። አባባ ጋ ልደውል። ሁለት ቀን ድምፁን አልላከልኝም።»

ይህንን ዛሬም ስጽፈው ይከብደኛል። «እዚያ ኔትወርክ የለም አሉ» አልኳት።

«እነማን?»

«ቢሮ።»

«የእናንተ ቢሮ ስለ ኮምቦልቻ ኔትወርክ ምን አገባው?»

ፊቴን እንዳታየው ቢላዋውን ይዤ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። ቤት ውስጥ የነበረውን ሽንኩርት በሙሉ ከተፍኩት፤ በልቤ የያዝኩትን ሁሉ እያለቀስኩ። «ለሁለት ሰው ይህ ሁሉ ምን ይሆናል?» አለችኝ። «ነገ…» ብዬ ጀመርኩና ምላሴን ነከስኩት። «ነገ ቅዳሜ ነው» አልኩ። ተቆጥታ ክፍሏ ገባች። ተኮራርፈን አደርን። እኔ ግን ተሳክቶልኛል ብዬ ነው የተኛሁት።

ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ራሔል ናት የከፈተችው። ጋሽ ታደሰ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እትዬ ሙሉ ጥቁር ለብሰው፣ ከኋላቸው ደረጃው ሙሉ ሰው። መናገር አላስፈለጋቸውም። ሰዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፣ ዞራ እኔን አየችኝ፣ ባልዲውን አየች። ገባት።

«አባባ ነው?» አለች።

«ልጄ…» አሉ ጋሽ ታደሰ፤ «አባትሽ አርፈዋል።» እትዬ ሙሉና እኔ ያዝናት። ጩኸቷን አልገልጸውም። አራተኛ ፎቅ ያሉ ኬንያውያን ጎረቤቶቻችን በፒጃማ ሳይቀር ወጥተው አብረውን አለቀሱ። የዚያን ቀን ቤታችን ሰዉን አልቻለውም፤ ድንኳኑም ወንበሩም መጣ፤ የከተፍኩት ሽንኩርትም አለቀ።

ከሰዓት በኋላ፣ ለቅሶው ትንሽ በረድ ሲል፣ ራሔል እጄን ይዛ «አንቺ መቼ ነው ያወቅሽው?» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ የሬሳ መኪናውን፣ የአባቴን ሽንት ቤት፣ ፖሌ ሳናውን። የአባቴ ታሪክ ላይ ስደርስ በእንባዋ መሃል ሳቀች፤ እትዬ ሙሉ ቆንጠጥ አደረጉኝ። ከዚያ ሳቁ ቆመና ጠየቀችኝ።

«እኔ ልጁ ሳልሰማ፣ ለእነዚያ ማስታወቂያዎች ማን ነገራቸው?»

ጋሽ ታደሰ ስልካቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። እትዬ ሙሉ የራሳቸውን አጠፉት። እኔ በሥራዬ ስንት ሰው ጥያቄ ጠይቆኛል፤ ስንት ያያል፣ ስንት ይገዛል፣ ስንት ይቀራል። ይህን ግን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ሥራዋን ለቀቀች ብላችሁ ከጠበቃችሁ ይቅርታ። አልለቀቅኩም፤ ማሽኑን ከውስጥ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ደግሞም የቤት ኪራይ አለብኝ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው እጄን አወጣለሁ። አንድ ደንበኛ ታማሚ ሰዎችን፣ ነፍሰ ጡሮችን፣ ሐዘንተኞችን ፈልጉልኝ ሲል «ይህን ለእኛ ማን ነገረን?» እላለሁ። ሰውየው ራሱ ካልነገረን አልሠራውም። አገሩም የግል መረጃ ሕግ አለው፣ አንብቤዋለሁ። አለቃዬ እኔን ሲያይ ያቃስታል። ኦቲየኖ መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ በቅርቡ ግን እሱም እጁን ሲያወጣ አየሁት። እናንተን ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «እኔ ምን የሚደበቅ ነገር አለኝ» አትበሉ። እኛም አልነበረንም። ለአንድ ቀን ብቻ የሚደበቅ፣ በወጉ እስኪነገር ድረስ የሚጠበቅ ነገር ሁሉም ቤት ይገባል። እኛ ለዚያ ስንት ትውልድ ያስተካከለው ሥርዓት አለን፤ ማን ይናገር፣ መቼ ይናገር፣ ሐዘንተኛውን ማን ይያዝ። ማሽኑ ከዚህ ሁሉ የተረዳው ድንኳን እንደምንፈልግ ብቻ ነው።

ደግነቱ የአባቷ የድምፅ መልእክቶች ከስልኩ ጋር አልሰጠሙም። አዲስ ስልክ ስታወጣ ሁሉም ተመልሰው መጡ። የያዛቸውም ያው ማሽን ነው፤ እዚህ ላይ ምን እንደምለው አላውቅም።

ራሔል ከኮምቦልቻ ተመልሳ ጥቂት ወራት አለፉ። አንድ እሑድ፣ ገና ጥቁሯን ሳታወልቅ፣ ቁርስ ላይ ስልኳን እያየች ቆየችና ዝም ብላ ወደ እኔ አዞረችልኝ። አንድ ሽማግሌ ሰውዬ ፈገግ ብለው የእጅ ሰዓት አድርገዋል። «የአባቶች ቀን ደረሰ! አባትዎን በምን ያስደስታሉ?» ይላል።

ባልዲው የት እንዳለ በዓይኔ ፈለግኩ። ልቧ የሚሰበር መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ሻይዋን አስቀመጠችና ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«እነዚህ ሰዎች አልሰሙም እንዴ?» አለችኝ። «ጋሽ ታደሰ ጋ ደውዪ። ነገ ጠዋት ሰብሰብ ብለን እንሂድና መርዶውን እንንገራቸው።»